መኪና በረሃ ላይ አይበላሽም

(በጋሼ ሙት ዓመት ፒያሳ ተሰብስበን የተናገርኩት ነው። ጽሑፉን የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ከቀረጻው ገልብጬ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። የዕድራችን ሰዎች፣ የሰፈር ልጆች፣ ከሱማሌ ተራ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ፣ ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ የተራራ ጓደኞቻችን፣ ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልን። እትዬ፣ አንቺንም ልጆችሽንም ያጽናችሁ። ዓመት ሞላው ሲሉኝ አላመንኩም። ሞተር ሲያስቸግረኝ እስካሁን እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል።

ስሙን አልጠራም። ንግግሩ ይቀረጻል ብለውኛል፣ እሱ ደግሞ ስሙ አደባባይ ሲወጣ አይወድም ነበር። የጋራዡ በር ላይ እንኳ ታፔላ አልነበረም። ፒያሳ መጥተህ "ጋሼ ጋር" ካልክ ሊስትሮውም ሎተሪ አዟሪውም ያደርስህ ነበር። እኔም ዛሬ ጋሼ እያልኩ ነው የማወራው።

ሦስት ነገር ላነሳ ነው የቆምኩት። አንደኛ ሥራውን። ሁለተኛ ተራራውን። ሦስተኛ ደግሞ እኛን፣ በእጁ ያለፍነውን። ሦስቱን የሚያያይዝ አባባል ነበረው፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። "መኪና በረሃ ላይ አይበላሽም፤ ከተማ ተበላሽቶ ነው በረሃ ሄዶ የሚቆመው" ይል ነበር። ስለ መኪና ብቻ አልነበረም የሚለው። ሰው ይዞ የሚወጣ ሰው ለሰዎቹ ማሰቡ የሚታወቀው ከመውጣቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው ማለቱ ነበር። እኔም ዛሬ የምለው ይሄንኑ ነው። ሌላው ሁሉ ማስረጃ ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ጋሼ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፣ ሰራተኛ ሰፈር። በምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው። ወደዚች ከተማ መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፣ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነስቶ ለምኒልክ ያመጣው። ይሄን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ሰው ሲያወራው ስለ ንጉሡ ነው የሚያወራው፣ እንዴት ደፍረው እንደተሳፈሩ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደተገረመ። ጋሼ ግን ሲሰማው የሚጠይቀው ሌላ ነበር። "መንገድ በሌለበት አገር ጎማው ሲተነፍስ ምን አደረጉ? ውኃውን ከየት አመጡ? ማነው የጠገነው?" የሱ ጀግና ንጉሡም እንግሊዙም አልነበሩም። ስሙ ያልተጻፈው ጠጋኝ ነበር።

በልጅነቱ የገባው ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከቀሩት ጣሊያኖች በአንዱ ጋራዥ ነው። መጀመሪያ ያደረጉት ዕቃ አጣቢ። ዘይት የጠጣውን ሁሉ በናፍታ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በተርታ መደርደር። ብዙ ልጅ ይሄን ሥራ እንደ ቅጣት ነበር የሚያየው። ጋሼ ግን አንድን ሞተር ማንም መፍቻ ሳይሰጠው በፊት በጣቶቹ ያወቀው ያኔ እንደሆነ ነግሮኛል። የቱ ጠርዝ እንደተበላ፣ የቱ ቢየላ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ማለቴ ነው፣ ከጓደኛው እንደሚለይ። የካቲት 1966 ላይ ቤንዚን ጨምሮ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ የሰፈሩ ሴይቼንቶ ታክሲዎች ጋራዡ ግቢ ተደርድረው ቆመው ነበር። ሌላው ሰው ወሬ ሲጠባበቅ እሱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተራቸውን አውርዶ አጠበላቸው። "ነዳጁ ከተወደደ ያለችውን በደንብ ትቃጠል" ብሎ። ማን አዘዘው? ማንም። ማን ከፈለው? እሱንም ማንም።

ከዚያ የደርግ ጊዜ መጣ። እዚህ ያላችሁ ትልልቆች ታስታውሳላችሁ። ዕቃ የለም። ቤንዚን በኩፖን። ዛሬ ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ በአምስት ደቂቃ የምትገዙት ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ ብረቶች መሃል የሚገባው ማሸጊያ ወረቀት፣ ያኔ ወር ያስጠብቅ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ብረቱ ላይ ያነጥፈዋል፣ ክብ ራስ ባላት ትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያደረገ ይኮረኩመዋል፣ ብረቱ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። መቀስ የለ፣ ምላጭ የለ። ቀዳዳዎቹ ልክ እንደ ፋብሪካው ይወጣሉ። ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አይ ነበር። ጠክ ጠክ ጠክ። አንድም ጊዜ አልቸኮለም።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። መኪና ይመጣል። ባለቤቱ "ይንኳኳል ጋሼ" ይላል። እኛ ልጆቹ ወዲያው ኮፈኑን ልንከፍት እንሮጣለን። እሱ ግን አይነካም። ይጠይቃል። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ነዳጅ ስትሰጠው ይብሳል ስትለቀው? ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊት ምን ተሠራለት? ሰውየው እየመለሰ እያለ ራሱ ግማሹን ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ነው ረጅሟን ካቻቢቴ የሚያነሳት። እጀታዋ እንጨት ነው። ጫፏን ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ሥር ይደግፈዋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ታች። ከዚያ "ና" ይልሃል።

"ይሄ ላይ የምትሰማው ቀላል ነው፣ ቲክ ቲክ የሚለው። የቫልቭ ነው። ሞተሩ ሁለት ሲዞር ቫልቩ አንዴ ነው የሚከፈተው፣ ስለዚህ ድምፁ ከሞተሩ ይዘገያል። እታች ያለውን ደግሞ ስማ። ይሄ ከባድ ነው። ነዳጅ ስትጨምር ይጨምራል። ይሄ ቢየላ ነው።" ከዚያ የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ ይነቅላል። የቱን ሲነቅል ነው ኳኳታው የሚቀንሰው? ያ ነው ሕመምተኛው። ሞተር ሳይፈታ፣ የሰው ገንዘብ ሳይወጣ። ዛሬ ኮምፒውተር ይሰካል፣ ቁጥር ይወጣል፣ በቁጥሩ ዕቃ ይገዛል። ኮምፒውተሩ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ባለቤቱን የሚጠይቅ ስንት መካኒክ አለ? እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ስንት?

ሲፈታ ደግሞ እንዲህ ነው። ካርቶን ያመጣል። የቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ቅርጽ በእርሳስ ይስልበታል፣ ቡሎኖቹ ባሉበት ቦታ ካርቶኑን ይበሳል፣ የተፈታውን እያንዳንዱን ቡሎን በራሱ ቀዳዳ ይሰካል። ረጅሙ ረጅሙ ቦታ፣ አጭሩ አጭሩ ቦታ። ለምሳ ወጥተህ ብትመለስ፣ ወር ታመህ ብትመለስ፣ ሌላ ሰው ቢረከብህ አይጠፋበትም። ሲገጥም ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ያጠብቃል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዙር። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። "ይሄውልህ፣ የከፈልክበት ይሄ ነው።" ሰው "ጣለው" ቢለው እንኳ ከፍቶ ያሳየዋል። ሳይቀየር ተቀየረ ተብሎ ገንዘብ የተወሰደበት ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም? አለ። እኔም አንዱ ነኝ፣ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የደረሰብኝ። ስለዚህ ያቺ የጋዜጣ ጥቅል ትንሽ ነገር አይደለችም።

መካኒኮች ስላላችሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፣ ቦታው ባይመስልም። ጋሼ በመጨረሻ ጆሮው ደክሞ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ሲቀጠቀጥ፣ ክፍት ማርሚታ አጠገቡ ሲጮህ ኖሮ። ያኔ ምን አደረገ? መዳፉን ሞተሩ ላይ እያሳረፈ በጣቶቹ ያዳምጥ ጀመር። ይሠራ ነበር፣ ያውቀው ነበር። ግን አስቡት፣ የልጅ ልጆቹን ድምፅ በመዳፍ መስማት አይቻልም። ጆሯችሁን ጠብቁ። ደግሞ የፍሬን ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት። የድሮ ፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ካንሰር ያመጣል። ጋሼ ይሄን ከሰማ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ በውኃ ሳያርስ ታምቡር ከፍቶ አያውቅም። እኛንም አስለምዶናል። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ አትንፉት።

ሁለተኛው ተራራው ነው።

ከዚህ ወጥታችሁ ዙሪያውን እዩ። በሰሜን እንጦጦ። በምዕራብ ወጨጫ። በደቡብ ምዕራብ ፉሪ። በደቡብ ምሥራቅ የረር። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ በደቡብ በኩል ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። እኛ አዲስ አበቦች በተራራ ተከበን እየኖርን ስንቶቻችን ወጥተናቸዋል? ጋሼ እሁድ ቤቱ አይገኝም ነበር። እትዬ ታውቃለች። ቅዳሜ ማታ በሶው ይታሰራል፣ ዳቦ ቆሎው ይቋጠራል፣ ጫማው በር ጋ ይቀመጣል። ንጋት ላይ ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው።

ጉልበት ለማሳየት አልነበረም የሚወጣው። ከኋላ ነው የሚሄደው። ሁልጊዜ ከኋላ። የደከመው ሰው ብቻውን እንዳይሆን። ገበሬ ሲያገኝ ቆሞ ሰላምታውን አድርሶ፣ ስለ ዝናቡ ስለ አዝመራው ጠይቆ፣ "በዚህ በኩል ብናልፍ እናስቸግራለን?" ይላል። ተራራ ባለቤት የለውም ብሎ የሚያስብ የከተማ ሰው ብዙ ነው። ጋሼ የሰው ግቢ እንደሚያልፍ ሰው ነበር የሚሄደው። ወፍ ሲሰማ እጁን ያነሳል፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። መናገሻ ሱባ ስንገባማ ወሬ አበቃ። ያ ደን፣ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው፣ ጽዱና ዝግባው ሰማይ የሚሸፍነው፣ ጉሬዛ ከላይ የሚዘልበት፣ እዚያ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ጋሼን አስቀይሟል።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ሕግ ነበረው። ከስምንት ሰዓት በፊት ጫፉን ለቀን እንወርዳለን። የቀረን ሃምሳ ሜትር ቢሆንም። የደጋ መብረቅ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ጫፍ ላይ ወይም ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ያገኘውን አይምርም። አንድ ቀን ወጨጫ ላይ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች "ትንሽ ናት የቀረችው" ብለው ለመኑት። ደመናው ገና ነጭ ነበር። እሱ ቀና ብሎ አየና ዞረ። አልተከራከረም፣ ዝም ብሎ መውረድ ጀመረ፣ እኛም ተከተልነው። ታች ደን ውስጥ ስንደርስ ላዩ ላይ ነጎድጓዱ ጀመረ። "አላልኳችሁም?" አላለም። በሶ ነው ያደለን።

አሁን ስለ ሳነቴ ላውራ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ጋሼዎች፣ መካኒኩም ተራራ ወጪውም፣ አንድ ላይ የታዩኝ እዚያ ነው።

ባሌ ሄድን፣ ጎባን አልፈን ሳነቴ። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፍ ራሱ 4,377 ሜትር ነው። መኪናችን አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ካርቡራተር ያለው። ሽቅብ ስንወጣ ጉልበቱ አለቀ። ከኋላ ጥቁር ጭስ። ቀስ ብሎ መንከባለል ሆነ ሥራው። እኔ ሞተሩ አበቃለት ብዬ ተጨነቅሁ። ጋሼ ግን እየጠበቀው ነበር። አየሩ እዚያ ላይ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 60 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ይገባል። ስለዚህ ይበዛበታል፣ ያፍነዋል፣ ጥቁር ጭስ የሚሆነው ያልተቃጠለው ነው። ከደረት ኪሱ የቫዝሊን ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ጥቃቅን የነሐስ ቡሎኖች፣ መሃላቸው ቤንዚን የምታልፍበት የመርፌ ቀዳዳ የመሰለች። ቀዳዳዋ ጠበብ ያለችውን መረጠ፣ ነፋሱ ጀርባውን እየመታው ቀየራት፣ የቀድሞዋን በጥጡ ላይ አስቀመጠ። መኪናው ተነሳ። ያቺን ቡሎን አዲስ አበባ ሆኖ ነው የፈለጋት፣ ያጠባት፣ የቋጠራት። ገባችሁ? ሳነቴ ላይ የሠራው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሥራው የተሠራው ፒያሳ ነው።

ማታ ሻይ አፈላን። ቶሎ ፈላ። ቀዳን፣ ጠጣን፣ እንደሚፈላ ሻይ አያቃጥልም። ልጆቹ ገረማቸው። ጋሼ ደስ አለው፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። አየሩ ሲሳሳ ውኃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ሳነቴ ላይ በ87 አካባቢ። ለዚህ ነው ምስሩ እምቢ ያለው። ከዚያ ወዲያው "የራዲያተር ክዳን ለምንድነው ላስቲኳን የማያት?" አለን። ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው ውኃው ቶሎ የማይፈላው። ክዳኑ ከላላ ሞተሩም እንደዚህ ሻይ ነው፣ ሳይግል ይፈላል። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ሰው ጭኜ ከመውጣቴ በፊት የራዲያተር ክዳን ሳላይ ወጥቼ አላውቅም። አስጎብኚ ሹፌሮች እዚህ አላችሁ፣ እናንተስ?

በነጋታው ጅብራ አጠገብ አስቀመጠን። ጅብራን ታውቁታላችሁ፣ ረጅሙ፣ ደጋ ላይ ብቻውን የሚቆመው። ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ጋሼ ግንዱን በመዳፉ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ምንም አላለም። ቀይ ቀበሮም ያየነው ያን ቀን ነው፣ አይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ጥላ። "አያችኋት? ሳትሰማ አትቆፍርም" አለ። ይሄን ለመካኒክ ልጆቹ ሁሉ ሲነግር ኖሯል።

ስለ ዓባይ በረሃም አንድ ነገር ልበል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከሺህ ሜትር በላይ ነው የምትጥሉት፣ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ጋሼ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሞ ማርሽ ሳይቀንስ አይገባም ነበር። "ፍሬን ለመቆሚያ ነው። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው።" ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተው፣ የሚለቁ አሉ፣ ስሰማ ያመኛል። ፍሬኑ ይግላል፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው፣ ካረጀ ይፈላል፣ እግራችሁ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። አንድ ጊዜ ከታች አንድ የጭነት መኪና ጎማዎቹ እየጨሱ ቆሞ አገኘን። ረዳቱ ውኃ በጀሪካን ይዞ ሊደፋበት ነው። ጋሼ ከመኪናችን ዘሎ ወርዶ ያዘው። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋህ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ጎማው ሥር አስገባን፣ ተቀመጥን፣ ጠበቅን። ሲቀዘቅዝ ሥሩ ገብቶ ፍሬኑን አስተካከለለት። ሹፌሩን አያውቀውም። እኛም የምንደርስበት ነበረን። ግማሽ ቀን እዚያ ሙቀት ውስጥ አሳለፍን፣ ከዚያም የጭነት መኪናው ድልድዩን እስኪሻገር ከኋላው ቀስ ብለን ተከተልነው።

በቾ ሜዳ ላይ ደግሞ ክረምት ነው፣ መረሬው ጭቃ ዋጠን። ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም። ዊንቹን፣ ገመድ እየጠቀለለ መኪናውን የሚጎትተውን፣ ምን ላይ ታስራለህ? ጋሼ ስኮርታውን አወረደ፣ ከፊት ለፊታችን ጉድጓድ አስቆፈረን፣ ጎማውን በቁሙ ቀበረው፣ የዊንቹን ገመድ በእሱ ዙሪያ አሰረ። ወጣን። ደስ ብሎን ልንሄድ ስንል አካፋውን አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ደፈነው። ረገጠው። "ነገ በሬ እግሩን ይሰብርበታል።" የመንገዱን ዳር ጤፍ የረገጥንበትን ገበሬ ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰውየው ደግሞ ቤቱ አስገብቶን ጠላ ቀዳልን።

እሺ። ሦስተኛው፣ እኛ።

ጋሼ ጋር ተራራ ለመሄድ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ይጠየቅ ነበር። ገንዘብ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ግቢ መጥቶ ጎማ መቀየር። ዶክተርም ይሁን ተማሪ፣ ወንድም ሴትም። ክሪኩን የት እንደሚያስገባ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ዳዶውን ማላላት፣ ሲያጠብቅ በመስቀል ማጥበቅ። መጀመሪያ ይሄን አይቶ የተናደደ ሰው አውቃለሁ። "እኔ ለመዝናናት ነው የመጣሁት" ያለ። ጋሼ በትዕግሥት "እኔ ልቤ ቢቆም ማነው ጎማ የሚቀይርልህ?" አለው። ሰውየው ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፣ በዚህ ዓመት ለሌሎች ሲያሳይ ያየሁት እሱ ነው።

ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች በሚባልበት ጊዜ አንዷን እህታችንን ተቀበላት። ሰው ሲያጉረመርም ሰማ። ማብራሪያ አልሰጠም። ያቺን የእንጨት እጀታ ካቻቢቴ ለእሷ ሰጣት፣ ደንበኛው ፊት፣ "አንቺ ስሚው" ብሎ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ዛሬ የራሷ ጋራዥ አላት፣ የራሷ ተማሪዎች አሏት። አንዷ ከኋላ ቆማ አለች፣ አይቻታለሁ።

ሰፈሩ በ2016 ሲነሳ ጋራዡም አብሮ ተነሳ። ከባድ ነበር፣ ዛሬ ግን በዚያ አልቆይም። ያኔ ነው ደግሞ ቤንዚንና ናፍታ መኪና ከውጭ አይገባም የተባለው፣ ኤሌክትሪክ ብቻ። ብዙ አንጋፋ መካኒክ "አበቃልን" አለ። ጋሼስ? በዚያ ዕድሜው ልጆቹን "አሳዩኝ" አላቸው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እንደ ተማሪ። ሲያዳምጥ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። "ይሄ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ኃይሉን ባትሪው ውስጥ ይመልሰዋል አላችሁኝ። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን ሞልቼ ዓባይ ብወርድስ? የሞላ ባትሪ ምን ይቀበላል?" ልጆቹ ተያዩ። ልክ ነበር። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ያ መያዣ ይቀንሳል፣ ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ መኪና ነድቶ አያውቅም። ቁልቁለቱን ግን ያውቀዋል።

ወጣቶች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። እጅ ሥራ መማር የተሸነፈ ሰው ምርጫ ነው የሚሏችሁን አትስሙ። ይሄ ሰው በእጁ ልጆቹን አስተማረ፣ በእጁ ስንቱን ከመንገድ አነሳ፣ እኔን ጨምሮ ስንቱን ሰው አደረገ። ቆሻሻ ሥራ ነው? አዎ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት ለቅሶ ቤት እንኳ አይለቅም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ንጹሕ እጅ አላየሁም።

ብዙ አወራሁ፣ የሚናገሩ ሌሎችም አሉ። ሦስት ማስታወቂያ ሰጥቼ ልውረድ።

እትዬና ልጆቹ ዕቃዎቹን ላለመሸጥ ወስነዋል። መፍቻዎቹ፣ ሞርሳው፣ ጓርኒሲዮን መቁረጫ መዶሻዋ፣ ሁሉም ጋራዥ ለሚጀምሩ ልጆች ነው የሚሰጡት። ዝርዝሩ በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ አለ። የሚያስፈልጋችሁ ስማችሁን ጻፉ፣ የማያስፈልጋችሁ ደግሞ የሚያስፈልገውን ልጅ ጠቁሙ። ካቻቢቴዋ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ እሷ የእህታችን ናት።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ያላችሁ ሰዎች ለታላቅ ልጁ ላኩለት። ከኋላ ስለሚሄድ እሱ ያለበት ፎቶ ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ እሁድ ወጨጫ እንወጣለን። ንጋት 12 ሰዓት አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት። ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ስንቅ ያዙ። ጎማ መቀየር የማትችሉ ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት እህታችን ጋራዥ ኑ። አሁን መድረኩን ለእሷ ለቅቄያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።